በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች የአዲስ ገቢ አቀባበልና ተሳትፎ

ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፦ በከተማዋ ዳርቻ የተንጣለሉት እነዚህ ሳይቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ውጤት ናቸው። ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስ ጎረቤት አይመረጥም፤ የመርካቶውና የሽሮ ሜዳው ሰው አንድ ደረጃ ይወጣሉ። ዘመድ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፣ ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ» ይላል። ከጎረቤት ጋር የሚያስተዋውቀው ቡና ነው።

ወረዳው የሚቀበለው በወረቀት ነው። አዲስ ገቢው ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ አምጥቶ ይመዘገባል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ መሸኛውን ያዘገየ ሰው በምዝገባ ሰሞን ነዋሪነቱን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ሰውን ለስብሰባ የሚያወጣው ግን ከምርጫ ይልቅ ውሃ ነው፤ ፓምፑ፣ ሮቶው፣ የጥበቃው ደመወዝ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና ጣሪያውን የባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎ አስተዳደሩን ለማኅበራቸው ሰጥቷል። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ባለዕጣው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፣ ማከራየት ግን ይችላል፤ ስለዚህ ውሃ የሚጠፋበት ተከራዩ ሆኖ ሳለ፣ በማኅበሩ ድምፅ የሚሰጠው ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ ነው። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድና ለስብሰባ የተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንኳ በአንዳንድ ሳይቶች ለሱቅ ተከራይቷል።

ክፍተቱን በመጠኑ የሚሞላው እድር ነው። በብዙ ቦታ የቤት ካርታ አይጠይቅም፤ መግቢያና ወርሃዊ መዋጮ የከፈለ ሁሉ አባል ነው፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፣ ሒሳብ ይጠይቃል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ በብሎኮች መካከል ይተከላል፤ ደረጃ ላይ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች ያን ቀን ወንበር ይሸከማሉ። የድሮ ሰፈሩን እድር ለመተው አንጀቱ ስለማይቆርጥ ሁለት ቦታ የሚያዋጣም አለ።

ስለ አቀባበል ሲወራ የሚረሳው ባለአገሩ ነው። በተለይ ኮዬ ፈጬ የኦሮሞ አርሶ አደሮች ሲያርሱት የኖሩት መሬት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኦሮሚያ ብርቱ ተቃውሞ ያስነሳውም በዚህና በወሰን ጥያቄ ነበር። አፋን ኦሮሞ የሚችል አዲስ ገቢ ከነባሩ ጋር ቶሎ ይግባባል፤ ሌላው ከነባሩ ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ወተትና አትክልት ሲገዛ ነው።