የጥንድ ልምምድ በማርሻል አርት ሥልጠና፤ ዓላማውና አሠራሩ በጎንደር ሰልጣኞች ዓይን

የጥንድ ልምምድ ማለት ሁለት ሰልጣኞች ፊት ለፊት ቆመው፣ ማን እንደሚያጠቃና ማን እንደሚመክት፣ ምቱም በምንና ወዴት እንደሚሰነዘር አስቀድመው አውቀው የሚሠሩት ልምምድ ነው። ፓተርን ከሚባለው፣ ለብቻ ከሚሠራው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ይለያል፤ አሸናፊ ከሚለይበት ፍልሚያም እንዲሁ። ጎንደር ውስጥ ቴኳንዶ የሚሠራ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጓጓው ለፋይት ነው፤ የጥንድ ልምምዱን እስኪያልፍ ድረስ የሚታገሠው ግዴታ አድርጎ ያየዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰልጣኝ በትክክል መከላከልን የሚማረው እዚያ ላይ ነውና።

አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በበዓላት የሚታየው የፈረስ ጉግስ ላይ አንዱ ወገን ዘንግ እየወረወረ ያሳድዳል፣ ሌላው እየጋለበ በጋሻው ይመክታል፣ ከዚያ ተራው ይቀየራል። ጨዋታው ቀድሞ ፈረሰኛን ለጦርነት ማለማመጃም ነበር። ሚና ተለይቶ፣ መሣሪያው በዘንግ ተተክቶ፣ ተራ በተራ መሠራቱ ዛሬ በአዳራሽ ውስጥ ከሚሠራው ጋር በዓላማ አንድ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1966 በተመሠረተው የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ሥርዓት ጀማሪ የሚጀምረው በሦስት እርምጃ ስፓሪንግ (የጥንድ የፍልሚያ ልምምድ) ነው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ። አጥቂው እግሩን ወደፊት አስቀምጦ ርቀቱን ይለካል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ በድምፅ ምልክት ይሰጣል፤ ተከላካዩም ዝግጁ መሆኑን በድምፅ ይመልሳል። ከዚያ አጥቂው ሦስት ጊዜ እየተራመደ ይመታል፣ ተከላካዩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እየሄደ ይመክታል፣ ከመጨረሻው ምከታ በኋላም መልሶ ይመታል። ቀበቶው ከፍ ሲል ሦስቱ እርምጃ ሁለት፣ ከዚያም አንድ ይሆናል። በካራቴም ከአምስትና ከሦስት እርምጃ ተነስቶ ወደ አንድ፣ በስተመጨረሻም ወደ ነጻ ኩሚቴ፣ ማለትም ጥቃቱ አስቀድሞ ወደማይነገርበት ፍልሚያ ይኬዳል። ጂጎሮ ካኖ በእ.ኤ.አ. 1882 በጀመረው ጁዶ ደግሞ ኡቺኮሚ የሚባል አለ፤ ሰልጣኙ ጓደኛውን ለመጣል ገብቶ፣ ሚዛኑን አናግቶ፣ ሳይጥለው ይመለሳል፤ ይህንኑ ደጋግሞ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው ምክንያት ርቀት ነው። ፓተርን ሲሠራ ቡጢው አየር ላይ ስለሚያርፍ አንድ ስንዝር ቢያጥር ማንም አያውቅም። ጓደኛ ፊት ሲቆም ግን ማጠሩም መርዘሙም ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ሰው በዓይኑ ያየውን ወደ እጅ እንቅስቃሴ ለመለወጥ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከቅርብ የተሰነዘረ ቡጢ ደግሞ ከዚህ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ የአጥቂውን እጅ ብቻ የሚጠብቅ ምቱ ያርፍበታል። ልምድ ያለው ተከላካይ የአጥቂው ትከሻ ሲንቀሳቀስ፣ የኋላ ተረከዙ ሲነሳ ያነባል፤ ይህን ማንበብ የሚለመደው ያው ጥቃት በዝግታ፣ ከዚያም እየፈጠነ ሲደጋገም ነው። ዓይን መጨፈንና ፊትን ማዞርም የሚለቁት በዚሁ ድግግሞሽ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከቆላ የመጣ ጀማሪ በነጻ ስፓሪንግ ቶሎ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ በጥንድ ልምምድ ግን እየተነፈሰ ብዙ መደጋገም ይችላል።

ልምምዱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የውሸት ጥቃት ነው። አጥቂው ቡጢውን ከጆሮ አልፎ ይሰነዝረዋል፣ ወይም ገና ሳይደርስ ያቆመዋል፤ ተከላካዩም ጨርሶ ሊነካው የማይችለውን ምት እየመከተ የቻለ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ለዚህ አንዱ መነሻ ይሉኝታ ነው። ነጭ ቀበቶ ያሰረ ልጅ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ፊት ለፊት መምታት ይከብደዋል። አሰልጣኙ ቀጥ ያለ ምት ድፍረት ሳይሆን ለጓደኛ የሚደረግ ውለታ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ሊነግረው ይገባል። በጥንታዊ የጃፓን የሰይፍ ትምህርት ቤቶች የአጥቂውን ሚና የሚይዘው ታላቁ ነበር፤ በእውነት አጥቅቶ በመጨረሻ የሚሸነፈውም እሱ ነው፣ ታናሹ እንዲማር። ጥቁር ቀበቶ ያሰሩ ታላላቆቻችን ይህን ቢወርሱ ሥልጠናው ብዙ ይሻሻል ነበር።

ተቃራኒው ጥፋት እልህ ነው። አንዱ ጠንከር አድርጎ ሲመታ ሌላው አጸፋውን ያከብደዋል፣ በሦስተኛው ዙር ልምምዱ ጠብ ይሆናል። መፍትሔው ጥንዶችን ቶሎ ቶሎ መቀያየር ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ሴቶች ከወንዶች፣ ግራኙ ከቀኝ ተጠቃሚው ጋር ሲገናኙ እልሁም ይበርዳል፣ የርቀት ስሌቱም እንደ አዲስ ይሠራል። በክብደት በጣም የሚበላለጡትን ማጣመር ግን ለመጣልና መገጣጠሚያ ለመቆለፍ ልምምድ አይመከርም፤ መገጣጠሚያ ሲቆለፍም «ልቀቀኝ» ለማለት ጓደኛውን ቸብ ያደረገ ሰልጣኝ ያለ ክርክር መለቀቅ አለበት።

ወደ ነጻ ስፓሪንግ መሸጋገሪያው ጊዜ የሚለካው በወራት ብዛት መሆን የለበትም። ሰልጣኙ ደክሞት፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ በሙሉ ፍጥነት የሰነዘረውን እግር ከጓደኛው ጉንጭ አጠገብ ማቆም ከቻለ ደርሷል። ካልቻለ ወደ አንድ እርምጃው ይመለስ።