«ታዲያ በስንቱ አካፍለው ጨረሱት?»

እንደ ፈረንጆቹ በ2024 አንድ ግዙፍ ፕራይም ተገኘ። ፕራይም ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። አሠራሩ አጭር ነው፦ 136,279,841 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ትቀንሳላችሁ። ውጤቱ 41,024,320 አሃዝ አለው።

ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን የሰማ ሁሉ ይህን ቁጥር ያነሳና «ታዲያ በስንቱ አካፍለው ነው ያወቁት?» ይለኛል። ከጥያቄው በላይ የሚያናድደኝ «ያዝኩህ» የምትለዋ ፈገግታ ናት።

ለትንንሽ አካፋዮች መሞከር አለ፤ እሱ ግን ለማበጠር ያህል ነው። ሁሉንም በማካፈልማ ማንም አይዘልቀውም። ያረጋገጠው የሉካስ-ሌመር ፈተና ነው። በ31 ላይ ላሳያችሁ። 31 አምስት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ነው።

ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፤ 14። 14ንም እንደዚያው፤ 194። ይሄ ከ31 በለጠ፣ ስለዚህ ለ31 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ፤ 8። 8 በ8፣ 64፤ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። በቃ፣ 31 ፕራይም ነው። የዙሩ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል፤ እዚህ 3 ዙር።

አንዱ ተማሪዬ «ይኸው አካፈልክ!» ብሎ ጮኸብኝ። አዎ፣ ግን ለራሱ ለ31! አካፋይ አልፈለግኩም። ፈተናው የሚሠራው በዚህ መልክ ለተሠሩ ቁጥሮች ብቻ ነው። ትልቅ ፕራይም አዳኞች እዚህ ሰፈር የሚሰፍሩትም ለዚህ ነው።

ዜሮ ካልመጣ ቁጥሩ ፕራይም አይደለም፤ አካፋዩን ግን አይነግራችሁም። የ67 ሁለቶችን ብዜት ውሰዱ፣ 1 ተቀንሶለት። ፈረንሳዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ መርሰን በ1644 ፕራይም ነው ብሎ ነበር። የፈተናው ባለቤት ሉካስ በ1876 እንዳልሆነ አሳየ፣ አካፋዩን ሳያውቅ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል ሁለቱን አካፋዮች፣ 193,707,721 እና 761,838,257,287ን ይዞ የመጣው በ1903 ነው። እና አሁንም «ሳያካፍሉ እንዴት?» ትሉኛላችሁ።

«የሁለቶቹ ብዛት ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ነው» የሚሉም አሉ። 11 ፕራይም ነው፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ግን 2047 ይሰጣሉ፤ እሱም 23 በ89 ነው።

«የመጨረሻው ፕራይም ተገኘ»? መጨረሻ የለውም፤ ይህንን የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አረጋግጦታል። ከዚህ ግዙፍ ቁጥር በታችም ገና ያልተገኙ ፕራይሞች ሞልተዋል።

«የባንክ ሚስጥር የሚጠበቀው በዚህ ቁጥር ነው»? ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁልፍ ምኑ ቁልፍ ነው? ለዚያ ሥራ የሚመረጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው፣ በድብቅ የሚያዙ ፕራይሞች ናቸው።

አሁንም ያልተዋጠለት እርሳስ ያንሳና 127ን ይሞክር። ሰባት ሁለቶች፣ 5 ዙር፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ሌላ ነገር ከወጣላችሁ 194 ላይ ቀሪ መያዝ ረስታችኋል።