አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ምንድን ነው?

ፋብሪካ ውስጥ ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም ፍሰትን የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ፒአይዲ የሚባለው ኮንትሮለር ነው። ሴንሰሩ ያለውን ይነግረዋል፤ እሱ ከተፈለገው ጋር እያነጻጸረ ቫልቩን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ምን ያህል በኃይል፣ ምን ያህል በፍጥነት የሚለውን ሦስት ቁጥሮች ይወስናሉ። ኢንጂነሩ አንዴ ያስተካክላቸውና ይሄዳል።

ፋብሪካው ግን እንደነበረ አይቆይም። ቱቦው ውስጥ ቆሻሻ ይጋገራል። ምርት ሲቀንስ ፈሳሹ ሴንሰሩ ጋ ለመድረስ ይዘገያል። ትናንት ልክ የነበረው ቁጥር ዛሬ ሙቀቱን ወይም ግፊቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያወዛውዛል። ኮንትሮለሩ ቁጥሮቹን ሥራ ላይ እያለ ራሱ የሚቀይር ከሆነ አዳፕቲቭ ይባላል።

ፒኤችን፣ ማለትም የፈሳሽን አሲድነት መለኪያ፣ እንውሰድ፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው። ጠንካራ አሲድ ያለበትን ፍሳሽ በጠንካራ ቤዝ ማለዘብ ነው ሥራው። የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ሌላ ነገር ከሌለበት፣ ከ4 ወደ 5 ለማምጣት የሚፈጀው ቤዝ ከ6 ወደ 7 ከሚፈጀው 90 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 4 ላይ ደህና የነበረ ኮንትሮለር 7 አጠገብ ሲደርስ ያብዳል፦ ጠብ ባደረገ ቁጥር ያልፈዋል። ለ7 ከተስተካከለ ደግሞ 4 ላይ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለየፒኤቹ የሚሆኑ ቁጥሮችን በሠንጠረዥ አስቀምጦ እንደ ሁኔታው እንዲቀያይር ማድረግ። ይሄ አዳፕቲቭ አይባልም የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ለእኔ ግን መጀመሪያ መሞከር ያለበት እሱ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ራስ-አስተካካይ ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኦስትሮምና ሄግሉንድ በ1984 ያሳተሙት ዘዴ ቫልቩን ለጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል፣ ከውዝዋዜው ቁጥሮቹን ያሰላል፣ ያቆማል።

ሦስተኛውን፣ ሳያቋርጥ የሚማረውን፣ ኦስትሮም ከባልደረባው ከቪተንማርክ ጋር በ1973 አቅርቦታል። ያምራል፣ ግን ያስፈራል። ሁሉም ነገር ረግቶ ለቀናት ሲቆይ የሚማርበት መረጃ ያጣል፤ ግምቱ ቀስ በቀስ ይስታል። ከዚያ ድንገት ለውጥ ሲመጣ ያልተጠበቀ ውዝዋዜ ይነሳል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከዚህ እስከዚህ ተብለው ይታጠራሉ፤ እንቅስቃሴ ሲጠፋም ትምህርቱ እንዲቆም ይደረጋል።

ደግሞ የሚጣበቅ ቫልቭ አለ። መጣበቁም ያወዛውዛል፤ ኮንትሮለሩ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ቁጥሮቹን ሲያበላሽ ይውላል። ኦፕሬተሩ ሲሰለቸው ማንዋል (በእጅ መቆጣጠር) ላይ ያደርገዋል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። አዳፕቲቭ ከመግዛት በፊት ቫልቩን ፈታ አድርጎ ማየት ይረክሳል።