ካስቲንግ ምንድን ነው? ቻርሊ ቻፕሊንን በድሬ መድረክ ማን ይጫወተው?

ካስቲንግ ማለት በአንድ ተውኔት ውስጥ ያሉትን ገጸ ባሕርያት ማን ማን እንደሚጫወታቸው መወሰን ነው። ብዙ ጀማሪዎች ከኦዲሽን ጋር ያምታቱታል። ኦዲሽን ፈተናው ነው፤ ወጣቶች አዳራሽ በር ላይ ተሰልፈው፣ የሸመደዱትን መነባንብ እያጉተመተሙ ተራ የሚጠብቁበት። ካስቲንግ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፣ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። አዘጋጁና ጸሐፌ ተውኔቱ ቁጭ ብለው «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? መድረክ ላይ ምን ሲያደርግ ልናየው ነው?» እያሉ ሲጨቃጨቁ ካስቲንግ ላይ ናቸው። ኦዲሽን የሌለበት ካስቲንግም አለ። ትንንሽ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁትን ሰው ጠርተው «ና፣ አንተ ተጫወተው» ይላሉ፤ እሱም ካስቲንግ ነው፣ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ድሬ ዳዋ ያለ አንድ የቴአትር ቡድን ስለ ድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያኑ ቻርሊ ቻፕሊን አዲስ ተውኔት ሊሠራ ተነሳ እንበል። የፊልም ኮከብን ሕይወት ወደ መድረክ ማምጣት ካስቲንግን በጣም የሚፈትን ሥራ ስለሆነ ነው ይህን ምሳሌ የያዝኩት። አፄ ቴዎድሮስን የሚጫወት ተዋናይ ሹሩባውን ተሠርቶ፣ ጦሩን ይዞ፣ ድምፁን ሞልቶ ከወጣ ተመልካቹ ይቀበለዋል፤ ንጉሡ ሲራመዱ ያየ፣ ሲናገሩ የሰማ በሕይወት የለምና። ቻፕሊን በ1977 ቢሞትም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዛሬም በየሰዉ ስልክ ውስጥ ይራመዳል። ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር ያለ ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ሪዙን፣ ክብ ባርኔጣውን፣ ከዘራውንና ሰፋፊ ጫማውን ያውቃል። ተመልካቹ ቲኬት ቆርጦ ሲገባ የራሱን ቻፕሊን ይዞ ነው የሚገባው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ወጥመድ መመሳሰል ነው። «ቁርጥ እሱን የሚመስል ልጅ ሳቢያን አለ» ይላል አንዱ። ልጁ ይመጣል፣ ሪዝ ይለጠፍለታል፣ ባርኔጣ ይደፋለታል፣ እግሩን አንሻፎ ሁለት ዙር ይሄዳል፤ ሁሉም ይስቃል። ይህ ሳቅ አታላይ ነው። ዕድሜው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተውኔቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። አልባሳቱ ያንን ሁለት ደቂቃ ለማንም ያመጣለታል፤ ተዋናይ የሚፈለገው ለቀሪው ነው። ፊትን ነጭ መቀባትም አያስፈልግም። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ሐምሌት በአማርኛ መድረክ ላይ ሲቆም «የዴንማርክ ልዑል እንዴት ጠይም ሆነ?» ብሎ የቲኬቱን ገንዘብ ያስመለሰ ተመልካች አልሰማሁም። በድሬ ሙቀት ደግሞ የተቀባ ፊት የመጀመሪያው ትዕይንት ሳያልቅ አንገት ላይ ይወርዳል።

ከመልክ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ «የትኛው ቻፕሊን?» የሚለው ነው። ሰውየው በ1889 ለንደን ከሙዚቃ አዳራሽ ዘፋኞች ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ምስኪኖች እየሠሩ የሚጠለሉበት የመንግሥት ቤት ገባ። በ1914 አሜሪካ ውስጥ ከዘራ የያዘውን ተንከራታች ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ በ1919 ከሦስት የፊልም ታላላቆች ጋር የራሱን አከፋፋይ ኩባንያ መሠረተ። በ1952 ለአዲስ ፊልሙ ምረቃ በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት፤ ኑሮውን ስዊዘርላንድ አደረገ፤ አሜሪካን መልሶ የረገጠው በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ካጨቅነው የሚወጣው የሕይወት ታሪክ ንባብ እንጂ ተውኔት አይሆንም። ተውኔቱ ስለ ረሀብ ከሆነ የካስቲንጉ ክብደት እናትና ልጅ ላይ ያርፋል። ስለ ስደት ከሆነ የ63 ዓመት ሰው ሆኖ መቀመጥ፣ መቆጣት፣ መድከም የሚችል ተዋናይ ያስፈልጋል፤ እግር ማንሻፈፉ ምንም አይረዳውም።

የእኔ ምርጫ ቻፕሊንን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ ተዋናይ ሰውየውን ይጫወታል፤ ሪዝ የለውም፣ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። ሌላው ተንከራታቹን ይጫወታል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህ ከታሪኩ ራሱ የሚወጣ አከፋፈል ነው። ያ ሪዝ የሚለጠፍ ነበር፤ ቻፕሊን ከካሜራው ፊት ዞር ሲል ሌላ ሰው ነበር። በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም መጥቶ ሁሉም ሲንጫጫ ተንከራታቹን ሊያናግረው አልፈቀደም፤ በ1931ም በ«ሲቲ ላይትስ» ዝም እንዳለ አወጣው። በ1936 «ሞደርን ታይምስ» ላይ የተንከራታቹ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ እንኳ የዘፈነው ጣልያንኛም ፈረንሳይኛም በሚመስል፣ ግን ምንም ትርጉም በሌለው ቋንቋ ነው።

ድሬ ዕድለኛ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው፣ ሐረሪው ይሰማል። የአማርኛ ተውኔት ኦዲሽን ሲጠራ ግን ፈተናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ መነባንብ አቅርብ። አፉን በሶማሊኛ የፈታ፣ ሰውነቱ ግን ያዘዘውን ሁሉ የሚያደርግለት ልጅ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተደናቅፎ «አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ!» ይባላል። ለማይናገር ገጸ ባሕርይ ሰውን በንግግር መፈተን ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ለተንከራታቹ የሚሆነው ፈተና ሌላ ነው። በ1925ቱ «ዘ ጎልድ ረሽ» ቻፕሊን በረሀብ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል (ለቀረጻው የተሠራው ከከረሜላ ነበር)። የሚያስቀው ጫማ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ምስማሩን እንደ ዶሮ አጥንት ሲመጥ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ሲጠቀልል የገበታ ሥርዓቱን አለማጓደሉ ነው። እንግዲያው ተፈታኙን እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሦስት ቀን አልበላህም፤ ጠዋት ፉል ቤት ገብተህ ተቀምጠሃል፤ ኪስህ ባዶ ነው፤ አስተናጋጁ አፍጥጦብሃል። ሳትናገር አሳየን።» ሆዱን ይዞ የሚያቃስት ብዙ ይመጣል። እጁን ታጥቦ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ፉሉ እስኪመጣ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ የሚቀመጠውን ያዙት።

ብዙ ቡድን ሐሳቡን ሁሉ መሪ ተዋናዩ ላይ ጥሎ የሚዘነጋው እናቱን ነው። ሐና ቻፕሊን ዘፋኝ ነበረች። ቻፕሊን ራሱ እንደተረከው፣ እሱ አምስት ዓመቱ ሳለ እናቱ መድረክ ላይ እየዘፈነች ድምፅዋ ተሰበረ፤ ተመልካቹ ጮኸባት፤ የመድረክ መሪው ልጁን እጁን ይዞ አወጣውና በእናቱ ቦታ ዘፈነ። ሳንቲም ሲወረወርለት ዘፈኑን አቋርጦ «መጀመሪያ ሳንቲሙን ልልቀም» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ ሐና አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ገባች። ይህችን ሴት የምትጫወት ተዋናይ መዝፈን መቻሏ አይበቃም፤ ድምፅዋ በትክክለኛው ቦታ እንዲሰበር ማድረግ፣ ያንንም ጉሮሮዋን ሳትጎዳ በየምሽቱ መድገም አለባት። ከቻፕሊንም ይልቅ ለዚህች ሚና ነው ረጅም ኦዲሽን የሚያስፈልገው።

በ1992 ስለ ቻፕሊን በተሠራው ፊልም ሐናን የተጫወተችው ጄራልዲን ቻፕሊን ናት፤ የቻርሊ ልጅ የገዛ አያቷን ሆነች ማለት ነው። እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ድሬ ላይ ባይገኝም ፊት ታሪክ ሊናገር እንደሚችል ግን ያሳየናል። እናቱን የተጫወተችው ተዋናይ በሁለተኛው ገቢር ልብስ ቀይራ የ«ሲቲ ላይትስ»ን ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ሆና ብትመለስ፣ ቻፕሊን በፊልሞቹ ውስጥ ማንን ሲፈልግ እንደኖረ ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ይጠረጥራል። አንድን ተዋናይ ሁለት ሚና ማጫወት ለወትሮው የበጀት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን ሥራም ይሠራል። ለትንሹ ቻርሊ አሥር ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ይሻላል፤ ወላጅ ይፈቅዳል፣ ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ይሆናል፣ ልጁ ከመጀመሪያው ገቢር በኋላ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ሚናዎቹ ከተደለደሉ በኋላ የንባብ ልምምድ ይመጣል። ፀሐይ በረድ ስትል ተዋንያኑ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ድርሰቱን ያነባሉ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ እስክሪብቶ ይዞ ይሰማል። ካስቲንግ ድርሰቱን መቀየር የሚጀምረው እዚህ ነው። የድሬ ልጅ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» እያለ ያደገ ነው፤ ለስቱዲዮ ባለቤቱ «እርስዎ እንዳዘዙ» የሚል መስመር ሲሰጡት ድምፁ ይደርቃል። መስመሩን ማረም ተዋናዩን ከማረም ይቀላል፤ ሁለት የሆሊውድ ሰዎች «አንተ» ቢባባሉ ማንም አይቀየምም። እንዲህ ስል ግን ቻፕሊንን ለገሃር ከባቡር አውርደን ሽርጥ እናስታጥቀው ማለቴ አይደለም። ሽርጥ የለበሰ ቻፕሊን ለፌስቲቫል ቀልድ ይሆናል፤ እናቱ ያበደችበት ከተማ ግን ለንደን ነው።

ድልድሉ ሊፈርስም ይችላል። ቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ»ን ሲሠራ ለዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ቨርጂኒያ ቼሪልን መረጠ። ልምድ ያላት ተዋናይ አልነበረችም፤ ዓይኗ ከሩቅ አጥርቶ ስለማያይ ግን ፊቷን ሳታጨማድድ የማታይ መምሰል ትችል ነበር። ከተንከራታቹ ጋር መጀመሪያ የምትገናኝበት ትዕይንት 342 ጊዜ እንደተቀረጸ ይነገራል። መሐል ላይ አባረራት፤ በእሷ ቦታ ጆርጂያ ሄልን ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ቼሪልን መልሶ ሲጠራት ደመወዝ ጨምር አለችው፣ ጨመረ። ስቱዲዮው የራሱ ለሆነ ሰው ይህ ይቻላል። አዳራሽ በሰዓት የሚከራይ ቡድን ግን ሐሳቡን መቀየር ያለበት በንባቡ ሳምንታት ነው፤ ፖስተር ከተለጠፈ በኋላ ሰው መቀየር ጠብ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን «ድልድሉ ጊዜያዊ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ለሐናና ለተንከራታቹም ተጠባባቂ መያዝ። ያልተመረጡትንም ስማቸውን ግድግዳ ላይ ከመፈለጋቸው በፊት በአካል ማናገር ተገቢ ነው፤ በድሬ ሁሉም ማታ ማታ ይገናኛል።

ተንከራታቹ ሆኖ የተመረጠው ልጅ መውደቅ የማይሆንለት፣ ግን እጁና ትከሻው የሚጨፍር ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ጸሐፌ ተውኔቱ ከመሰላል የሚወድቅበትን ትዕይንት ሰርዞ የ«ዘ ጎልድ ረሽ»ን የዳቦ ጭፈራ፣ ሹካ ላይ የተሰኩ ዳቦዎች እንደ እግር የሚጨፍሩበትን፣ ያስገባል። የሚፈልገው ሁለት ሹካ፣ ሁለት ትንንሽ ዳቦና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊውም ደስ ይለዋል።