የፓስዎርድ እንቆቅልሽ ምንድን ነው? ፍንጩ ማርስ ላይ ሲሆንስ?

አንድ የተቆለፈ ፋይል ደረሳችሁ እንበል። ልትከፍቱት ስትሉ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ከሳጥኑ ስር አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ማርስ ላይ የወረደው ፓራሹት ምን ይላል?» በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ፓስዎርዱን ማንም አይነግራችሁም፣ ግን ከዚያች መስመር ተነስታችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። የፓስዎርድ እንቆቅልሽ የሚባለው ይሄ ነው።

በኮምፒውተር ደህንነት ውድድሮች ላይ በብዛት አለ። በኤስኬፕ ሩም ጨዋታዎችም (ፍንጭ እየፈቱ ከተቆለፈ ክፍል በሚወጡባቸው) አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጓደኛ ለጓደኛ ይልከዋል። እንቆቅልሽ የሚያወጡ ሰዎች የህዋ ጉዞን ይወዱታል፣ ምክንያቱም ስሙም ቁጥሩም ቀኑም ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው፣ የፈለገ ሰው ያገኘዋል።

ልጅ ሆነን ከምናውቀው እንቆቅልሽ የሚለየው ዳኛው ላይ ነው። «እንቆቅልሽ» ስትለን «ምን አውቅልሽ» እንላለን፣ ስንሳሳት ጠያቂዋ ትስቃለች፣ ስንቀርብ ፊቷ ያስታውቃል፣ ጨርሶ ካቃተን ደግሞ አገር ሰጥተን መልሱን እንሰማለን። የተቆለፈ ፋይል ፊት የለውም። ልክ ነው ወይም ስህተት ነው፣ ሌላ አያውቅም። አንድ ፊደል የጎደለው መልስና ጭራሽ የማይገናኝ መልስ እሱ ዘንድ እኩል ናቸው። አዲስ አበባን ብትሰጡትም አይከፍትም። ስለዚህ በደንብ የተሰራ የፓስዎርድ እንቆቅልሽ ማረጋገጫውን በሆዱ ይይዛል። ሳጥኑ ውስጥ ገና ሳትጽፉት «አዎ፣ ይሄ ነው» የምትሉበት ነገር መንገዱ ላይ ይቀመጣል። ይቺን ያዙልኝ፣ ለኔ አሪፉን እንቆቅልሽ ከቀሽሙ የምትለየው እሷ ናት።

አሁን ወደ ማርሷ መስመር። መጀመሪያ፣ የትኛው ፓራሹት? ከ1976ቱ ቫይኪንግ ጀምሮ ማርስ ላይ በፓራሹት የወረደው ብዙ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፓዝፋይንደር በ1997፣ ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ በ2004፣ ኪውሪዮሲቲ በ2012፣ የቻይናው ዡሮንግም በ2021። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ማርስ» እና «ፓራሹት» የሚሉትን ብቻ ይዞ ይሮጥና የመንኮራኩር ስም እየደረደረ ይሞክራል። ጥያቄው ግን «ማን ወረደ?» አይደለም፣ «ምን ይላል?» ነው። ጽሁፍ ያለበት ፓራሹት ስትፈልጉ የምትደርሱት ፐርሲቪራንስ ላይ ነው።

ፐርሲቪራንስ የአሜሪካው የህዋ ድርጅት የናሳ ሮቨር፣ ማለትም ማርስ ላይ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ማርስ ላይ ማረፉ የተረጋገጠው በየካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ነው፣ እኛ አገር ለሌሊቱ 6 ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በሰማዕታት ቀን ዋዜማ። ፓራሹቱ የ21.5 ሜትር ስፋት አለው። ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት ላይ እያለ ነው የተዘረጋው፣ ወደ ላይ የተደገኑ ካሜራዎችም ሲዘረጋ ቀርፀውታል። ቪዲዮው ላይ ጨርቁ ቀይና ነጭ ነው፣ ግን ቀለሞቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተራ አልጠበቁም፤ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ይመስላል። መዘበራረቁ ስራ አለው። ቀለሙ በስርዓት ቢደጋገም ኖሮ ቪዲዮውን የሚያዩት መሃንዲሶች የትኛው የጨርቁ ክፍል ወዴት እንደዞረ መለየት ይቸግራቸው ነበር። ያልተመጣጠነ ንድፍ ያስፈልጋቸው ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ኢያን ክላርክ የሚባለው መሃንዲስ፣ ሰውየው ትርፍ ጊዜውን በመስቀለኛ ቃላት የሚያሳልፍ ነው፣ ንድፉ እንዲያው ከሚዘበራረቅ ለምን መልእክት አይዝም አለ። ከማረፉ በፊት ምስጢሩን የሚያውቁት ወደ ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ካረፈ ከአራት ቀን በኋላ ቪዲዮው ለህዝብ ሲቀርብ የማሳረፉን ቡድን የመራው አለን ቼን አንድ ነገር ጣል አደረገ። አንዳንዴ ሰው እንዲያገኘው ብለን በስራችን ውስጥ መልእክት እንተዋለን፣ እስቲ ሞክሩት፣ አሰራራችሁንም አሳዩን የሚል። ፍንጩ ይሄው ነበር። ኮዱ ምን እንደሆነ አልተናገረም፣ ወዴት ማየት እንዳለብን ብቻ ነው የጠቆመው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ህዝብ ስድስት ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ፈታው።

እንዴት? ፓራሹቱ ላይ አራት ክብ ቀለበቶች አሉ፣ አንዱ ከሌላው ውጭ። እያንዳንዱ ቀለበት 80 ቁራጭ አለው። ነጩን ቁራጭ 0፣ ቀዩን 1 በሉት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቀለበት 80 ዜሮና አንድ የተደረደረበት መስመር ሆነ ማለት ነው። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው፣ ባይነሪ ይባላል። ከቀኝ ጀምሮ ቦታዎቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያሉ በእጥፍ ይሄዳሉ፤ 1 የተጻፈበትን ቦታ ዋጋ ትደምራላችሁ፣ 0 ያለበትን ትተዋላችሁ። 0010010 ማለት 16 ሲደመር 2 ነው፣ 18።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። 80ውን በስንት በስንት እንቆርጠው? ኮምፒውተር የነካ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስምንት ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር ውስጥ ፊደል የሚቀመጠው በስምንት በስምንት ነው። 80 ለስምንት ሲካፈል ደግሞ ልክ 10 ይመጣል፣ ትራፊ የለውም፣ «አገኘሁት» ያስብላል። የሚወጣው ግን ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ትክክለኛው አቆራረጥ በአስር በአስር ነው፣ ስምንት ቡድን። ይሄ በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ በጨርቁ ላይ ሶስት ነጭ ቀጥሎ ሰባት ቀይ፣ ሶስት ነጭ ቀጥሎ ሰባት ቀይ እያለ የሚደጋገም ቦታ አለ። ሰባት ቀይ ማለት 127 ነው፣ ፊደል አይደለም፣ ባዶ ቦታ መሙያ ነው። ሶስቱ ነጭ ደግሞ መለያያ ናቸው። ያቺን ድግግሞሽ ያየ ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚቆርጥም አወቀ።

ከሁሉም ውስጠኛውን ቀለበት አብረን እንቁረጥ። ሰባት ነጭ፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት ነጭ። ሶስቱን መለያያ ስትጥሉ 0000100 ይቀራል፣ እሱም 4 ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አራተኛዋ ዲ ናት። ቀጣዩ 1 ይሆናል፣ ኤ። ከዚያ 18፣ አር። ከዚያ 5፣ ኢ። የቀሩት አራቱ ቡድኖች 127 ናቸው። «ዴር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወጣ። ሁለተኛው ቀለበት «ማይቲ»፣ ሶስተኛው «ቲንግስ»። ሲገጣጠም «ታላላቅ ነገሮችን ድፈሩ» እንደማለት ነው፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1899 ቺካጎ ላይ ካደረገው ንግግር የተወሰደ። ሮቨሩን የሰራው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ እንደ መፈክር የሚጠቀምበት ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ውጭኛውን ቀለበት ነው። ባዶ መሙያ የለውም፣ ስምንቱም ቡድን ስራ ላይ ነው፦ 34፣ 11፣ 58፣ 14፣ 118፣ 10፣ 31፣ 23። በፊደል ልፍታው ያለ ሰው 34 ላይ ይቆማል፣ 34ኛ ፊደል የለማ። ግን 14 እና 23 ፊደል ናቸው፣ ኤን እና ደብሊው፣ ሰሜንና ምዕራብ። 34 ዲግሪ፣ 11 ደቂቃ፣ 58 ሴኮንድ ሰሜን፤ 118 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ፣ 31 ሴኮንድ ምዕራብ። ካርታ ላይ ስታስገቡት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዴና አካባቢ፣ ያው ላቦራቶሪ ላይ ያርፋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይሄ ነው። መፈክሩ የማን እንደሆነ አድራሻው ይመሰክራል፣ አድራሻው ትክክል መሆኑን ደግሞ መፈክሩ። ከዚህ በኋላ «ተሳስቼ ይሆን?» የሚል ሰው የለም።

በነገራችን ላይ ይሄን ኮድ በፊደል ገበታ መስራት ብንፈልግ ሰባት ቦታ አይበቃንም። የሚይዘው እስከ 127 ነው፣ እኛ ደግሞ 33 ቤት በሰባት ተባዝቶ 231 አለን። ግን አስሩን ቦታ ብንጠቀም ያምራል። ስድስቱ ቦታ የቤቱን ተራ ይይዛል፣ ሶስቱ ቦታ ግዕዝ ነው ካዕብ ነው ሳልስ ነው የሚለውን፣ ሶስት ቦታ ልክ እስከ ሰባት ስለሚቆጥር። አንድ ነጭ ይተርፋል፣ ለመለያያ።

መልሱን ካወቃችሁ በኋላም ሳጥኑ ሊያስቸግር ይችላል። በትልልቅ ፊደል ነው በትንንሽ? ቃላቱ ተለያይተው ነው ወይስ 16ቱ ፊደል ተገጥመው? ፓስዎርድ ይሄን ሁሉ ይለያል። እንቆቅልሽ አውጪው ይሄን ካልነገረ ጥፋቱ የሱ ነው፣ የፈቺው አይደለም። አንድ አጭር መስመር፣ «ሁሉም በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት» የምትል፣ ትበቃ ነበር።

ከዚህ የጠበቀ ንድፍ ማየት ለሚፈልግ አሬሲቦ አለ። በኖቬምበር 16 ቀን 1974 ፍራንክ ድሬክና ባልደረቦቹ ከፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ኤም 13 ወደሚባለው የከዋክብት ክምችት መልእክት ላኩ፣ ወደ 25,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ወዳለ። መልእክቱ 1,679 ዜሮና አንድ ነበር። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። 1,679ን ያለ ትራፊ ልትካፈሉ የምትችሉት፣ አንድንና ራሱን ትታችሁ፣ በ23 እና በ73 ብቻ ነው። ሁለቱም ዋና ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ መልእክቱን እንደ ሰንጠረዥ ልደርድር ያለ ፍጡር ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ዝብርቅርቅ ይሰጣል፣ በሌላኛው ግን ሰው መሰል ምስል፣ የዲኤንኤ ጥምዝምዝና የፀሐይ ቤተሰብ ይወጣሉ። 80 በስምንትም በአስርም በሌላም ይካፈላል፣ ለዚህ ነው ፓራሹቱ ሰውን ያሳሳተው። 1,679 ቋንቋችንን ለማያውቅ አንባቢ የተመረጠ ስለሆነ የርዝመቱ ልክ ራሱ ፍንጭ ነው። እኔ ከሁለቱ አሬሲቦን አስበልጣለሁ፣ ምንም እንኳ እስካሁን መልስ የመለሰ ባይኖር።

እንግዲህ አንድ ነገር አይምታታ። እንቆቅልሽ መፈታት ይፈልጋል፣ እውነተኛ ፓስዎርድ ግን መፈታት የለበትም። ፍንጭ ተከትሎ የሚደረስበት ነገር ሁሉ ሌላ ሰውም ይደርስበታል። የላቦራቶሪው መፈክር 16 ፊደል ስላለው ጠንካራ ፓስዎርድ ሊመስል ይችላል፣ ግን የታወቀ አባባል ነው፣ ሰርጎ ገቦች መጀመሪያ ከሚሞክሯቸው ዝርዝሮች ውስጥ እንዲህ አይነት አባባሎች ይገኛሉ። ፓስዎርድ ሲጠፋባችሁ የሚመጡት «የተማርክበት ትምህርት ቤት?» አይነት ጥያቄዎችም ከእንቆቅልሽ አይሻሉም፣ መልሱ ፌስቡካችሁ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። እዚያ ላይ እውነቱን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ምንም የማይገናኝ ነገር ጻፉና ፓስዎርድ መያዣ ፕሮግራም ውስጥ አስቀምጡት። የባንክ ሂሳባችሁን ፓስዎርድ ደግሞ ፍንጭ ለሌለው ነገር ተዉት፣ ያው ፕሮግራም ራሱ በዘፈቀደ ለሚያወጣው።

እጃችሁን ማሟሸት ለምትፈልጉ አንድ ልተውላችሁ። መለያያዎቹን አውጥቻቸዋለሁ፣ ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው፣ ፍንጩም ይሄ ነው፦ ፐርሲቪራንስ ያረፈበት ጉድጓድ ማን ይባላል? ሁለተኛውና አራተኛው ቡድን አንድ አይነት መሆናቸው ማረጋገጫችሁ ይሁን።

0001010፣ 0000101፣ 0011010፣ 0000101፣ 0010010፣ 0001111