በመድኃኒት ዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች

በሐዋሳ ጓሮዎች ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ግራዋ አይጠፉም። በጤነኛው ቅጠላቸው ውስጥ ተክሉን ሳያሳምሙ የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ ኢንዶፋይት ይባላሉ። አንዳንዶቹ ባክቴሪያን ወይም ሌላ ፈንገስን የሚገቱ ውህዶች ያመነጫሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. ከዪው ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ፈንገስ የካንሰር መድኃኒቱን ታክሶል እንደሚሠራ መዘገቡ ብዙዎችን ወደ መስኩ ስቧል፤ መጠኑ ግን በሊትር በናኖግራም የሚለካ ነበር። ለአገራችን ሌላም ጥቅም አለው። ቀበሪቾ ለሥሩ ሲባል ይነቀላል፤ ፈንገሱን ለማውጣት ግን ቁራጭ ሥር ይበቃል።

ፈንገሱን ከቅጠሉ የማውጣቱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና በአጠባው ነው። ጉዳት የሌለበት ቅጠል በተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በ70 በመቶ ኤታኖል 1 ደቂቃ፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባለው በረኪና 3 ደቂቃ፣ እንደገና በኤታኖል 30 ሰከንድ ይነከርና ጀርም በሌለው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። የዳማከሴ ቅጠል ስስ ነው፤ ዳሩ ከነጣ በረኪናው ዘልቆ የውስጡንም ፈንገስ ሳይገድል አልቀረምና ጊዜውን ማሳጠር ይገባል። ካነሰ ደግሞ ከአቧራ የመጣ ሻጋታ ይተርፋል። ይህን የሚያጋልጠው የመጨረሻው እጣቢ ነው፤ ጥቂት ጠብታ አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ፈስሶ ምንም ካላበቀለ የቅጠሉ ውጤት ይታመናል። ይህ ፍተሻ የተዘለለበት ውጤት ባይጠቀስ ይሻላል።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዕቃውንና ምግቡን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭ ግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢያሳይም ውስጡ ወደ 118 ዲግሪ እንጂ የሚፈለገው 121 አይደርስም፤ መታየት ያለበት ቴርሞሜትሩ ነው።

5 ሚሊሜትር ቁራጮች ባክቴሪያን የሚገታው ክሎራምፌኒኮል በተጨመረበት የድንች ዴክስትሮስ አጋር ላይ፣ በ25 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ከተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ክር ብቅ ሲል ጫፉ ወዲያው ወደ አዲስ ፔትሪ ዲሽ ይዛወራል፤ ከዘገየ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ይሸፍነዋል። ቀርፋፎቹ እስከ 3 ሳምንት ስለሚወስዱ ዲሹ ቶሎ አይጣልም።

የተለየው ፈንገስ በፈሳሽ ምግብ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያድጋል። ፈሳሹ ተጣርቶ ውህዱን ከሚያሟማው ኢታይል አሲቴት እኩል መጠን ጋር ሦስት ጊዜ ይናጣል፤ የላይኛው ንጣፍ ተወስዶ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይተናል። የቀረው ዝቃጭ በ6 ሚሊሜትር የወረቀት ክብ ላይ ተደርጎ በስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ባክቴሪያ ላይ ሲፈተን፣ ማሟሚያው ብቻ የነካው ክብ ለማነጻጸሪያ አብሮ መቀመጥ አለበት። ባክቴሪያን የገደለ ውህድ የሰውንም ሴል ሊገድል ስለሚችል ከዚህ ደረጃ ተነስቶ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይቻልም።

ፈንገሱ በተደጋጋሚ ሲዛወር ውህዱን ማምረት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች በግሊሰሮል፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ፈንገሱ ያደገበትን የአጋር ቁራጭ ጀርም በሌለው ውሃ ውስጥ አድርጎ ጠርሙሱን በደንብ መክደን ያስተማምናል።