ስለ አስታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አስታ በከፍተኛ ተራሮቻችን ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። በባሌ ወይም በሰሜን ተራሮች እሳት ተነሣ በተባለ ቁጥር «አስታው አለቀ፤ ከእንግዲህ አይመለስም» የሚል ልቅሶ ይከተላል። የደን ባለሙያ ነኝና ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ቀለል ካሉት ስሕተቶች ልጀምር።

«አስታ ቁጥቋጦ ነው።» አይደለም። በአብዛኛው በተደጋጋሚ ስለሚቆረጥና ስለሚቃጠል ነው አጥሮ የምናየው፤ ከተተወ በርካታ ሜትር የሚረዝም ዛፍ ይሆናል።

«የአስታ ጫካ ባዶ ነው፤ እንስሳ አይኖርበትም።» የደጋ አጋዘን ከሰውና ከውሻ የሚሸሸግበት አንዱ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ የአስታ ጫካ ነው። በሰሜን ገደሎች ዋልያም ይጠለልበታል፣ ይቀነጥበዋልም። ነጭ አበባው የንብ ቀለብ ነው። ቀይ ቀበሮን ግን እዚህ አትጨምሩብኝ፤ ዋናው የአደን ቦታው ከአስታው በላይ፣ ፍልፈልና አይጥ የሚበዛበት ገላጣ ሜዳ ነው።

«ከብት አይበላውም።» ያረጀውን አይበላውም፤ ቅጠሉ ደርቆ ይጠነክራል፣ ቅርንጫፉም ከአፍ በላይ ይሆናል። ከእሳት በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቀንበጥ ግን በደንብ ይግጠዋል። የባሌ አርቢዎች በበጋ አስታ የሚለኩሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። «እሳት ይገድለዋል» ይላሉ። የአስታ ግንድ ቢነድ ከአፈር ሥር ያለው ወፍራም ጉቶ አይሞትም፤ ከእርሱ ላይ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ከባሌው የሳነቴ አምባ በታች አንድ አዛውንት አርቢ ከሰል በመሰለ ተረተር ላይ አቁመውኝ፣ በዱላቸው አመዱን ገለጥ አደረጉና ለምለም ቡቃያ አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ሞተ ትላለህ?» አሉኝ። ብዙ የሠለጠኑ ሰዎች ከእርሳቸው ግማሽ አያውቁም። በቅርቡ የነደደ ቦታ የሚቃጠል ነገር ስለማይኖረው የሚቀጥለውን እሳት እንደሚያቆምም የሚያውቁት አርቢዎቹ ናቸው።

ይህን የሰማ ሌላ ወገን ደግሞ «እንግዲያው በየጊዜው ይቃጠል» ይላል። ይህም ያናድደኛል። ጉቶው ለማቆጥቆጥ ያጠራቀመውን ስንቅ ያወጣል። ሳያገግም ዳግም ከተለኮሰ፣ ቡቃያውንም ከብት ያለ ፋታ ከጋጠው፣ እየደከመ ይሄዳል። ጉቶው ለማገዶ ከተቆፈረማ የሚያቆጠቁጥበት አይኖረውም። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ሽፋኑን ያጣ አፈር በመጀመሪያው ክረምት ይታጠባል።

ስለዚህ አርቢ ከሆናችሁ የነደደውን ቦታ ጎልምሶ ሳይረዝም ዳግም አትንኩት፤ አጋዘኑ የሚሸሸግበት የጎለመሰ አስታም ከጎኑ ይቅር። እንደ ጢም የሚንዘረፈፍ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበትን ያረጀ አስታ፣ በተለይ ወደ ባሌው ሐረና ደን የሚወርደውን፣ በእሳት አትድፈሩት። የእሳት ዜና የምትዘግቡም ከልቅሶው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው ከዚህ በፊት መቼ ነደደ? ጉቶው አለ ወይ? ከብት መቼ ይገባበታል?